ፋናዬ የደፋችው ወተት

ፋናዬ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሽንፋ ስትወርድ የቀጠሯት አቶ አዛናው ነበሩ። ልጃቸው ባየልኝ ሊያገባት ሲነሣ ግን «ሳሉግ ቤቴ አትገባም» አሉ፤ ለአጨዳ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ ሳሉግ ነው የሚሉት። ሠርጉ ላይ አልተገኙም። የልጅ ልጃቸው ክርስትና ሲነሣም ትራክተሩ ተበላሸ ብለው ቀሩ። እሷም ደጃቸውን ረግጣ አታውቅም።

ዓምና ሽንታቸው ደም ቀላቀለ። ባየልኝ ጎንደር ወስዶ ቢያስመረምራቸው የፊኛ ካንሰር ነው ተባለ። ዶክተር እየሩስ የምትባል ሐኪም ለቀዶ ሕክምና ቀጠረቻቸውና በጨዋታ መሐል፣ ተመራማሪዎች ከእናት ጡት ወተት የካንሰር ሕዋስ የሚገድል ነገር እየሠሩ እንደሆነ ለባየልኝ ነገረችው። እሱ ከነገሩ ሁሉ የያዘው «የእናት ጡት ወተት» የሚለውን ብቻ ነው። ቢላዋ የፈሩት ሽማግሌም ይህን ሲሰሙ ቀጠሮውን ተዉት።

ባየልኝ ኩባያ ይዞ ሚስቱ ፊት ቆመ።

«ራሳቸው መጥተው ይለምኑኝ!» አለችው።

መጡ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው «ከልጅሽ የሚተርፍ ካለሽ ስጭኝ» አሉ። ሰጠቻቸው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ይጠጣሉ፤ ሳያመሰግኑ ይሄዳሉ። ሲለምኗት ማየቱ ደስ ይላት ነበር፤ ይዋሻል እንዴ? ግን ሰውየው ከቀን ወደ ቀን መንምነው ቀበቷቸው አልይዝ ሲላቸው፣ ስልክ አንሥታ ዶክተሯ ዘንድ ደወለች።

«ጠጡት?» ዶክተሯ ደነገጠች። «ወተቱ እኮ አይደለም መድኃኒቱ! አልፋ ላክታልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን በላቦራቶሪ ለይተው፣ ቅርጹን ለውጠው፣ ኦሌይክ አሲድ ከሚባል የስብ አሲድ ጋር ያጣምሩታል። የሚገድለው ያ ጥምሩ ነው፤ እሱንም በቱቦ ፊኛ ውስጥ ነው የሚጨምሩት፤ ያውም ገና በሙከራ ላይ ነው። የተጠጣውማ ጨጓራ ውስጥ ተፈጭቶ ይቀራል። ዛሬ ነገ ሳይሉ ይምጡ!»

ፋናዬ ብዙ አሰበች። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም፤ ሽማግሌው በፈቃዳቸው እየጠጡ ይሞታሉ።

በማግሥቱ ሲመጡ ወተቱን ዓይናቸው እያየ መሬት ላይ ደፋችው።

«ይሄ አያድንዎትም። ጎንደር ሄደው ይታከሙ።»

«አንች ሳሉግ! እንድሞት ነው የምትፈልጊው!»

«ሞትዎን ብፈልግማ እያጠጣሁ ዝም እል ነበር!»

ዱላቸውን ሲያነሡ ባየልኝ መሐል ገባ። «ያለ አንች ወተት እድናለሁ! ታያለሽ!» ብለው በእልህ መኪና ተሳፈሩ።

ዕጢው ወጣላቸው፤ አሁን በየጊዜው እየተመላለሱ ይታያሉ። ገበያ በወጡ ቁጥር ግን «ምራቴ ወተት ከልክላ ልትገድለኝ ነበር» ይላሉ። ሰዉም ያምናቸዋል።

ለፋሲካ ባየልኝ «ሽማግሌ ልኬ ላስታርቃችሁ» ቢላት፣ ልጇን እያጠባች ቀና አለች።

«ምርቃታቸውም እርግማናቸውም ይቅርብኝ። አባትህ ናቸው፤ አንተ ሂድ።»

ብቻውን ሄደ።