ሳልሞት የተለቀሰልኝ ለቅሶ

ዳባት አጠገብ ባለችው መንደራችን እኔ ሙት ነኝ። ደባርቅ ላይ ግን ዳቦ እጋግራለሁ። ከምድጃው ኋላ ስለምውል ፊቴን የሚያይ የለም፤ የመንደሬ ሰውም ገበያው ዳባት ስለሆነ እዚህ ብዙ አይደርስም።

ነገሩ የመጣው በእርዳታ ስንዴ ነው። ቀበሌያችን፣ ለውትድርና የደረሰ ልጁን ያላስመዘገበ ቤት ስንዴ አያገኝም አለ። ለስፍር ስንዴ ልጅ ይገበራል እንዴ? እኔ ያኔ ቆላ ወርጄ ሰሊጥ አርም ነበር። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ እናቴ ከእኔ ሌላ ልጅ፣ ከዚያ ስንዴ ሌላም ክረምቱን የምትወጣበት አልነበራትም። ጨነቃትና ለሊቀመንበሩ "ልጄንማ ቆላ ወባ በላብኝ" አለችው። ምስኪን! ለቀበሌ የተነገረ ውሸት እዚያው ቀበሌ የሚቀር መስሏት።

ሞት በእኛ አገር መቼ የአንድ ቤት ነገር ሆኖ ያውቃል! ሊቀመንበሩ ከልቡ ደንግጦ ለእድሩ ነገረ፤ ጥሩንባ ተነፋ፤ እናቴ ቤቷ ስትደርስ አገሩ ደጇ ላይ ነበር። "ኧረ ተዉ፣ አልሞተም" ብትል ስንዴው ይቀራል፣ እኔም እወሰዳለሁ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ አብራቸው ተቀመጠች። ጋቢዬን አውጥተው አለቀሱበት፤ ቄሱም ፍትሐት አደረሱልኝ። ከሁሉ ይልቅ ደረቷን የደቃችው ጎረቤታችን ናት አሉ። የእሷ ልጅ አብሮ አደጌ ነው፤ ተመዝግቦ ከሄደ ወዲህ ድምፁ የለም።

ይህን ሁሉ እናቴ በስልክ ነገረችኝና "እባክህ አትምጣ" አለች። በቃ፣ ከቆላ ስመለስ ደባርቅ ቀረሁ። ከሁሉ የሚከፋው ዓመት በዓል ነው። ሁሉም ወደ ዘመዱ ይሄዳል፤ እኔ ከዱቄት ጆንያ ጋር እቀራለሁ። ሰው ይናፍቀኛል፣ እውነቴን ነው፣ የሚሰድበኝ ዘመድ እንኳ ይናፍቀኛል።

በቀደም የገበያ ቀን፣ ነጭ ሽንኩርት ደባርቅ ዋጋ አለው ብላ እናቴ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ጠጉሯን ተላጭታለች። ለእኔ መሆኑ ነው እንግዲህ! ሻይ ቤት ጥግ ይዘን ተቀመጥን።

"እማዬ፣ ብቸኝነቱ መረረኝ። ልመዝገብና ቤቴ ልግባ።"

"ወዴት ነው የምትገባው?" አለችኝ። "ስንዴውስ ይቅር፣ ጦሜን አድራለሁ። ጎረቤታችንን ምን ልበላት? የሷ ልጅ እንደወጣ ቀርቶ ሳለ፣ ያለቀስሽለት የኔ ልጅ ይኸው ልበላት?"

ይህን እያለችኝ ከደጅ እሷን የሚጣራ ድምፅ ሰማን። ያቺው ጎረቤታችን ናት፤ ለካ ሽንኩርታቸውን ይዘው አብረው ነው የመጡት። እናቴ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ወጣች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

"ደግሞ አለቀስሽ?" ስትላት ሰማሁ። "አይዞሽ እንጂ! የኔ ልጅ ሲመጣ ላንቺም ልጅ ነው። ሁለታችንንም ይጦረናል።"

"አሜን" አለች እናቴ።