ጥር ይሻላል

ወሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ታሪኩን ለሰው ባወራሁ ቁጥር ይህችን ነገር ወደ መጨረሻው እየገፋኋት እንደሆነ አስተውያለሁ።

እህቴ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ደብረ ብርሃን ከአባታችን ጋር ትኖር ነበር፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። በልጅነቷ ያመማት የጉሮሮ በሽታ ሳይታወቅ ልቧን ጎድቶት ኖሮ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ አንደኛው የልቧ ቫልቭ መጥበቡ ተነገራት። አዲስ አበባ ያያት ሐኪም ቫልቩ መቀየር እንዳለበት፣ እዚያ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ህንድ ብትሄድ እንደሚሻል ለእሷና ለአባቴ ነገራቸው። ህንድ ሲባል ለእኛ ቼናይ ማለት ነበር፤ በደቡብ ምሥራቅ፣ ባሕሩ ዳር ያለችው ከተማ። ከሰፈራችን ለልብ ሄደው የተመለሱት ሁለት ሰዎች የታከሙት እዚያ ነው።

አስታማሚ ሆኜ የምሄደው እኔ ነበርኩ። አባቴ አርጅተዋል፤ አጎቴ ከአገር ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ መቼ እንደምንሄድ መወሰን በእኔ ላይ ወደቀ። አባቴ በስልክ እንዲህ አሉኝ፦ «የሚመችህን ጊዜ አይተህ ወስን። ሐኪሙ ምንም አልቸኮለም።» ይህን ቃል በቃል ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ነሐሴ ነበር።

የምኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር አካባቢ ነው፤ ኮሜርስ ሲቲ በሚባል ቦታ፣ የቀዘቀዘ ምግብ የሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። የክፍሎቹን ሙቀት በየሁለት ሰዓቱ እያነበብኩ እመዘግባለሁ። ትምህርት ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው፤ የቀረውን ኦሮራ ካለው ቤተ መጻሕፍትና ከስልኬ ላይ ራሴ ለቃቅሜዋለሁ። እንዲህ የተማረ ሰው አንድ አመል አለው፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር አያምንም፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይፈትሻል።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው ደግሞ ጥቅምት ጥሩ እንደሆነ ነበር። የቼናዩ ሆስፒታልም በኦክቶበር መጀመሪያ ቦታ እንዳለ ጽፎልኝ ነበር። አጎቴ «መስቀል ይለፍ፣ ዝናቡ ያቁም፣ ከዚያ ብትሄዱ ነው» አለ። መጋዘናችን ዕቃ የሚያመጣ አንድ ከሰሜን ህንድ የመጣ የከባድ መኪና ሹፌር ስጠይቀው «ኦክቶበር! ከዚያ የተሻለ ወር የለም» አለኝ። አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬም፣ ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ቀልደኛ ሰው፣ «መስከረም ከጠባ በኋላ ምን ዝናብ አለ?» ብሎ ሳቀብኝ። የእኛ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ዝናብ በሰኔ ይገባል፣ አደይ ሲፈነዳ ይወጣል፤ ዓለም በሙሉ በዚህ የሚተዳደር ይመስለናል።

ነገሩን የቀየረችው ኦሮራ ውስጥ፣ ሀቫና መንገድ ላይ ያለች የህንድ ሱቅ ባለቤት ናት። የእኛ ሰዎች ድንብላልና ጥቁር አዝሙድ የሚገዙት ከእሷ ነው፤ ሁሉም «አንቲ» ይሏታል። የቼናይ ልጅ መሆኗን የሰማሁት በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ቅዳሜ መኪናዬን በሯ ላይ ፓርክ አድርጌ ገባሁና ጠየቅኳት።

«ኦክቶበር፣ ቼናይ?» አለች መነጽሯን ወደ ግንባሯ ከፍ አድርጋ። «ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ተማር። የእኛ ዝናብ የሚመጣው የሌላው ሲያልቅ ነው። እናቴ አንድ ዓመት ሦስት ቀን ሙሉ ከፎቅ አልወረደችም። ወተቷ በጀልባ ነበር የሚመጣላት።»

«ታዲያ መቼ ይሻላል?»

«ጃንዋሪ» አለች ሳታስብ። «ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሰው ሳያልበው ልብስ ለብሶ ይቀመጣል፣ የመኸር በዓላችንም ያኔ ነው። ከማርች በኋላ ግን እኔ ራሴ አልሄድም።»

ቤት ገብቼ ሠንጠረዥ ሠራሁ። አሥራ ሁለት ወር ወደ ታች፣ ወደ ጎን የዝናቡ መጠን፣ የሚዘንብባቸው ቀናት፣ የቀኑ ሙቀት፣ የሌሊቱ ሙቀት፣ የአየሩ እርጥበት፣ ወባ ትንኝ። ደረቷ ተከፍቶ የተሰፋ፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ የለመደች ሴት በእያንዳንዱ ወር ምን እንደምትሆን አሰብኩ። ኤፕሪልና ሜይ ሙቀቱ አስፈሪ ነው። ኦክቶበር፣ ኖቬምበር፣ ግማሽ ዲሴምበር ዝናብ። ጃንዋሪ ከሁሉም አምዶች አንደኛ ወጣ።

አንድ አምድ ግን አላስገባሁም። መጋዘናችን ከኖቬምበር ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ለማንም ቫኬሽን አይሰጥም። ሆስፒታሉ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አምስት ሳምንት ያህል እዚያው መቆየት አለባችሁ ብሎኝ ስለነበር፣ ኦክቶበር ብንሄድ ኖቬምበር ውስጥ ሥራዬን ማጣቴ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ሠንጠረዡ ውስጥ ሳላሰፍረው ጥር ራሱ ስላሸነፈ፣ ያሸነፈው በዝናቡ ብቻ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

ጓደኛዬ ሠንጠረዡን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ አየው። «ጋሼ ትንበያ!» አለኝ። «ሰው ለሕክምና ሲሄድ አየር ይመርጣል? ሽርሽር ነው እንዴ?»

«ቁስሏ ካመረቀዘስ?»

«እሱስ ልክ ነህ» አለና ወረቀቱን ቀስ ብሎ መለሰው። «በአየሩ ጉዳይ ከሆነማ እኔ ምን አገባኝ።»

ለአባቴ በስልክ ሁሉንም አስረዳሁ። 

«ጥር?» አሉ በመጨረሻ።

«ጥር ይሻላል፣ አባባ።»

«ጥቅምት ጨርሶ አይሆንም?»

«ጥቅምት እዚያ ጎርፍ ነው።»

ዝም አሉ። «እንግዲህ... አንተ ካልክ» አሉ። ዝምታውን ለጥናቴ የተሰጠ ክብር አድርጌ ቆጠርኩት።

እህቴ ስልኩን ተቀበለቻቸው። «ለጥምቀት ታቦት ሸኝቼ ልሄድ ነዋ፣ ጎበዝ» አለች። «ግን ሙቀቱ እንደ ቅቤ እንዳያቀልጠኝ።»

«በጥር ሌሊቱ ሃያ አንድ ዲግሪ ነው።»

«ሃያ አንድ! ወይ የኔ ጌታ፣ አንዷን እንኳ አይጥላትም! ተማሪዎቼ እንዳንተ ቢሆኑልኝ።» ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተቋረጠ፤ ትንሽ ቆይቶ ድምጿ መጣ። ኔትወርክ ነው ብዬ አሰብኩ። በሚቀጥሉት ሳምንታትም ስናወራ እንዲሁ ይቆራረጥ ነበር። ከአባቴ ጋር ሳወራ ግን፣ በዚያው ስልክ፣ ተቆርጦ አያውቅም።

የሕክምና ወረቀቷን አጎቴ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ከግርጌው የገጽ ቁጥር ነበረው፦ ከሦስት አንድ፣ ከሦስት ሦስት። ሁለተኛው ገጽ የለም። ለአጎቴ ጻፍኩ፤ «ፎቶው ደብዝዞ ነው፣ እልክልሃለሁ» አለ። ያለውን ለሆስፒታሉ ላክሁ። በማግስቱ «ሁለተኛው ገጽ ይጎድላል፤ እባክዎ በቶሎ ይላኩልን» የሚል መልስ መጣ። አባቴን ጠየቅኳቸው፤ «ሐኪሙ እረፍት ወጥቷል፣ ሲመለስ ይሰጠናል» አሉ። ለአንድ ገጽ ሁለት ዓይነት ምክንያት ነበር። መጋዘን ውስጥ አንዲት ያልተሞላች መስመር ሳገኝ ሦስት ሰው አስቁሜ የምጠይቅ ሰው፣ ይህችን ተውኳት። እስከ ጥር ጊዜ አለ አልኩ። ቲኬቱን ቆረጥኩ፤ እኔ ከዴንቨር፣ እሷ ከአዲስ አበባ፣ ቼናይ ላይ በአራት ሰዓት ልዩነት እንድንገናኝ።

በኖቬምበር መጨረሻ አንድ ሐሙስ ማታ ጓደኛዬ ስልኩ እንደተበላሸበት ነግሮኝ የእኔን ተዋሰኝ፤ አርብ ጠዋት መኪናው ውስጥ ረሳሁት አለኝ። አርብ ማታ ምግብ ሠራ። አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ እንቁላል ጠብሶ የማያውቅ ሰው ነው። «ብላ እንጂ፣ ብላ» ይለኛል፤ እሱ ግን አይበላም፤ አልቀለደም። እኔ ከሥራ ሊያስወጡት ነው ብዬ አሰብኩለት።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አምስት ሰዎች፣ ጫማቸው ላይ በረዶ እንዳለ ገቡ። ትልቁ ሽማግሌ ሴንቴኒያል ነው የሚኖሩት፤ በዚያ መንገድ፣ በዚያ ሰዓት መንዳት እንደማይወዱ አውቃለሁ። ጓደኛዬ ወንበር ቀድሞ ደርድሯል። እንግዶቹ ከማንኳኳታቸው በፊት ወንበር የተደረደረበት ቤት ውስጥ ቆሜ አምስቱንም ፊት በተራ አየሁ።

«ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉኝ ሽማግሌው።

«የማንን መርዶ ነው?» አልኩ።

«እህትህ ደክማ ነበር...»

«ከመቼ ጀምሮ?»

 አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ያረፈችው ረቡዕ፣ የተቀበረችው ሐሙስ ነበር። ጓደኛዬ ስልኬን የወሰደው ነፍስ ይማር የሚል ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ ድንገት እንዳላይ ነው፤ ሱፐርቫይዘሬንም ደውሎ አስፈቅዶልኛል። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ተሠርቷል። እኔም ሌላው ላይ እንዲህ ሲደረግ ሁለት ጊዜ አብሬ ሄጃለሁ፤ በር ላይ ቆሜ፣ የማውቀውን እያወቅኩ።

ሦስት ቀን ሰው ሲገባና ሲወጣ ዋለ። «እንኳን ሰው አገር አልሞተች» ያሉኝ ብዙ ናቸው። አንድ ሰው ጥር ለምን እንደተመረጠ ጠየቀኝ። ጓደኛዬ ከእኔ ቀድሞ «ቪዛው ነው የዘገየው» አለው። ዋሸልኝ። አላረምኩትም።

ከአርባዋ በኋላ አጎቴን ሁለተኛውን ገጽ ላክልኝ አልኩት። «አሁን ምን ያደርግልሃል?» አለ። «ላክልኝ» አልኩት። የላከው ፎቶ ጥርት ያለ ነበር፤ ከመጀመሪያውም ደብዝዞ አያውቅም። ቀዶ ጥገናው በስድስት ሳምንት ውስጥ እንዲደረግ ይላል፤ ከሥሩ ተሰምሮበታል። የተጻፈው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ኦክቶበር መጀመሪያ ሆስፒታሉ የሰጠን ቀን ከስድስቱ ሳምንት ውስጥ ይወድቃል። ቆጠርኩት፤ አራት ቀን ይተርፋል።

ለሆስፒታሉ መሞቷን ጽፌ፣ በዝናቡ ወራት ሥራ ተቋርጦ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ማዘናቸውን ገለጹ። መንገዶቹ በውኃ ተሞልተው እንደነበር፣ ተመላላሽ ክፍሉ አንድ ከሰዓት በኋላ እንደተዘጋ፣ የቀዶ ጥገና ክፍሉ ግን አንድም ቀን እንዳልቆመ ጻፉልኝ። ስለ ዝናቡ ልክ ነበርኩ። እንደጻፍኩት ነው የዘነበው።

ለአባቴ የደወልኩት በማግስቱ ነው።

«ስድስት ሳምንት እንደተባለ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብቻህን ነህ እዚያ። ማሽን መሃል ነው የምትውለው። ሐሳብ ይዞህ አንድ ነገር ብትሆንስ? ሁለታችሁን ልጣ?» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ጥር ስትለኝ ግን ልነግርህ ነበር። ካንተ ጋር ከተነጋገርን በኋላ እሷን፣ እንንገረውና ቶሎ ይምጣ አልኳት። እሷ ናት እምቢ ያለችው።»

«ምን ብላ?»

«ስንት ቀን ለፍቶበታል አለች። ደስ ብሎታል፣ አታፍርሱበት፣ እኔ እስከዚያ መቆየት አያቅተኝም አለች።»

 ከወዲያ በኩል ዶሮ ሲጮህ፣ በር ሲከፈት ይሰማኛል፤ መስመሩ ጥርት ያለ ነው። አባቴ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ አሁን ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው።

«እርስዎስ፣ አባባ» አልኩ፣ «እርስዎ ጤናዎ እንዴት ነው?»

«እኔ ደህና ነኝ» አሉኝ ቶሎ ብለው። «በእኔ በኩል ምንም ሐሳብ አይግባህ።»

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ጊዜ እደውላለሁ፤ ሁልጊዜ ደህና ናቸው። አጎቴን ለብቻው እጠይቀዋለሁ፤ እሱም ደህና ናቸው ይለኛል።