ውሃ ውስጥ ቆሞ የጠማው እንሰት

ሞባይል ገጠር መግባት በጀመረበት ክረምት፣ ታላቅ እህቴ ወርቅነሽ ደውላ አለቀሰችብኝ። «እንሰቴ ቆሞ እየደረቀ ነው። ስለ ተክል የምታስተምር ሰው ነህ፣ ና እየው!» ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን የሚያኖረው የጓሮው እንሰት ነው። በማግስቱ ጠዋት ከሶዶ መናኸሪያ የበዴሳን ሚኒባስ ያዝኩ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ቦዩ ሁሉ ሞልቷል። ከኋላ ወንበር አምስት ሆነን ታጭቀን በዴሳ ደረስን። እዚያ የተጠበሰ እሸት በቆሎ ገዝቼ እየጋጥኩ ሞተር ተከራየሁ። ባለሞተሩ የመጣሁበትን ጉዳይ ሲሰማ ሳቀ፤ «በዚህ ዝናብ ማን ደረቀበት?»

ከጓሮው

እህቴን ያገኘኋት ጄሪካን ተሸክማ ነው። መሬቱ ጭቃ ሆኖ ጫማዬን ይውጣል፤ እሷ ግን እንሰቱ ሥር ውሃ ታፈሳለች።

«እትዬ፣ በዝናብ ታጠጫለሽ?»

«ምን ላድርግ? ቅጠሉ እኮ ጠማኝ ይላል።»

እውነቷን ነው፤ የመሃሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ቢላዋዋን ተቀብዬ ግንዱን ቆረጥኩት። ጥቂት ቆይቶ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ከቁርጡ ጠብ ጠብ አለ። አጠውልግ የሚሉት በሽታ ነው። ቅጠሉ ውሃ ባተነነ ቁጥር ሌላ ውሃ ከሥር በቀጫጭን ቧንቧዎች ይስባል፤ ይህን ስንት ዓመት በጠመኔ ስዬ አስተምሬዋለሁ። እዚህ ግን ቧንቧዎቹን ባክቴሪያ ደፍኗቸዋል። ወንዝ ቢገለብጡለትም አንዲት ጠብታ ወደ ላይ አትወጣም።

በሽታው በቢላዋ እንደሚተላለፍ ስነግራት ጄሪካኑ ከእጇ ወደቀ።

«ታ ጦሳው! አምላኬ! ለልጄ ሠርግ የዳቦ ቅጠል ለምኜ በዚሁ ቢላዋ ነው የቆረጥኩት።»

«ከማን ጓሮ?»

«ከሁሉም። ማን እምቢ ይለኛል? የሰጠኝን ሰው ሁሉ ገደልኩት በለኛ!»

የታመሙትን ነቅለን ቀበርን፤ ቢላዋውን እሳት ውስጥ ከተትነው። ከዚያ እህቴ ነጠላዋን አጣፍታ ጎረቤቷ እማማ አስካለ ዘንድ ልትናገር ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«እኔም እኮ፣» አሉ፣ «ከሰኞ ጀምሮ ውሃ እያጠጣሁ ነው።»

እህቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እማማ አስካለ አልተቆጧትም፤ ክንዷን ይዘው አነሷትና ወደሚቀጥለው ቤት አብረዋት ሄዱ።

ሶዶ

ማታ ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ ለዳቦ ቅጠል ልትቆርጥ ጓሯችን ካሉት እንሰቶች ሥር ቢላዋ ይዛ ቆማለች።

«ተይ!» ብዬ ጮኽኩ። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ቢላዋው የማን ነው?»

«የጎረቤት ነው። የኛ ደንዞብኝ ተዋስኩ።»

በመንደራችን መዋዋስ ደግነት ነው፤ እኔም ሌላ ስም ሰጥቼው አላውቅም። ያን ማታ ግን የሰው ቢላዋ ከሰል ላይ አስቀምጬ፣ የእንጨት እጀታው እስኪጨስ ድረስ ስለቱን አገላበጥኩት። ነገ ለጎረቤቴ ቢላዋውን ምን ብዬ እንደምመልስለት አላውቅም ነበር።