አማቴን የምታስቀምጥ መኪና

ሰው መኪና ሲገዛ ቀለም አይቶ መግዛት የለበትም። ይህን ለልጄ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፤ ለሚስቴም ነግሬያታለሁ፤ ሳይጠይቁኝ ደንበኞቼም ቆርቆሮ ሲያስለኩ ሰምተውኛል። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት በወላጆች ስብሰባ ላይ ለመቀመጥ ብቻ ነው። ማንበብ የተማርኩት ሰቆጣ ውስጥ ከምነግድበት ሱቅ፣ ከሲሚንቶ ከረጢትና ከቀለም ጣሳ ላይ ነው። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም፤ ካነበብኩም ሳልመክርበት አላድርም።

በዚያ ክረምት ያነበብኩት ሁሉ ስለ መኪና ነበር። ምክንያቱ የአማቴ ዓይን ነው። አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ የሚኖሩት እዚሁ ዋግ፣ ዝቋላ ነው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተሸፍነው ፍየሎቻቸውን በድምፅ መለየት ከጀመሩ ቆይተዋል። ክረምቱ ሲወጣ የዓይን ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ወደ ሰቆጣ እንደሚመጡ ተነገረ። ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ በመጡ ጊዜ አማቴ ቀርተዋል። በጭነት መኪና ይምጡ ቢባሉ «እኔ ማሽላ አይደለሁም» አሉ። በበቅሎ ቢባሉ ደግሞ «ከሁለታችን ገደሉን የምታየው በቅሎዋ ናት፤ እሷን ደግሞ አላምናትም» አሉ። አሁን ሚስቴ በስልክ ብትለምናቸው ጥቂት አሰቡና፣

«ክብሬን ጠብቃ የምታስቀምጠኝ መኪና ካለች እመጣለሁ። ለባልሽ ንገሪው» አሏት።

አማቴ ለእኔ በቀጥታ ተናግረው አያውቁም። በእኛ ዘንድ አማትና አማች ይተፋፈራሉ፤ ፊት ለፊት አይቀመጡም፣ ከአንድ ገበታ አይበሉም፣ ጀርባም አይሰጣጡም። አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን እንኳ እሳቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው «ንገሪው» ይላሉ። እኔም ወደ ግድግዳው ዞሬ «ንገሪያቸው» እላለሁ። ሚስቴ መካከል ቆማ ሁለታችንም የሰማነውን ነገር ትደግማለች። አላፍርበትም፤ ክብር ድካም ይፈልጋል። ስለ መኪናዋ ያሉትን ግን የተረዳሁት በራሴ መንገድ ነበር። ክብርን ጠብቃ የምታስቀምጥ ሲሉ ኤርባግ፣ ግጭት ሲመጣ የሚነፋ ከረጢት፣ ያላት ማለታቸው ነው ብዬ ደመደምኩ።

የቀረቡልኝ መኪኖች ሁለት ነበሩ። አንደኛዋ የአንድ ነጋዴ አሮጌ፣ እግረ ረጅም መኪና ናት፤ ከኋላ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አሏት፤ ተሳፋሪው የሚቀመጠው ጎኑን ለሾፌሩ ሰጥቶ ነው። ሁለተኛዋ እዚህ ተመድቦ ሲሠራ ቆይቶ ወደ ጎጃም የሚመለስ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የሚሸጣት አዲስ መኪና ናት፤ ወንበሮቿ ሁሉ ወደፊት የሚያዩ፣ መሪው አጠገብ እንደ ቴሌቪዥን የሚበራ ሰሌዳ ያላት።

መመዘኛዬ ሦስት ነበር፦ ደኅንነት፣ ጥንካሬ፣ መንገድ ማወቅ።

በደኅንነት ጀመርኩ። ነጋዴውን «ኤርባግ አላት?» ብለው ተቆጣ።

«ኤርባግ ምን ይሠራላታል? እሷ ድፍን ብረት ናት! ኤርባግ የሚያስፈልገው እሷ የገጨችው ሰው ነው።»

ይህ ክርስቲያናዊ መልስ ሆኖ አላገኘሁትም። አዲሷ ግን ከፊትም ከጎንም ኤርባግ አላት፤ የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ካላሰረም ትጮሃለች። ልፈትናት ብዬ አንድ ካርቶን ምስማር የፊቱ ወንበር ላይ አስቀምጬ ከተማውን ዞርኩ። ጢን ጢን ማለቷን አላቆም አለች። ወርጄ ምስማሩን በቀበቶ አሰርኩት፤ ወዲያው ዝም። ሥርዓት የምታውቅ መኪና አልኩ በልቤ። መንገድ ዳር የቆሙት ሰዎች ግን ምስማር በቀበቶ አስሮ የሚዞር ሰው ሲያዩ ያሉትን አልጽፈውም።

ስለ ጥንካሬ መናኸሪያ ሄጄ ሾፌሮችን ጠየቅሁ። አንዱ እንዲህ አለኝ፦ «አባቴ፣ መበላሸትስ ሁሉም ይበላሻል። አሮጌዋ የተበላሸችበት ቦታ በሽቦ አስረህ ትነሳለህ። አዲሷ ስትበላሽ ኮምፒውተር ትጠይቅሃለች፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ያለው ወልድያ ነው።» እዚህ ላይ አሮጌዋ አሸነፈች። እውነቱ ይነገር ብዬ ለቤተሰቤ ይህንኑ አስታወቅሁ።

የቀረው መንገድ ማወቅ ነው። አሮጌዋ መንገድ የምታውቀው ሾፌሯ ሲያውቅ ብቻ ነው። የአዲሷ ሰሌዳ ግን ካርታ ያሳያል፣ በፈረንጅ ቋንቋም በሴት ድምፅ «ታጠፍ፣ ቀጥ በል» ይላል። ኒሯቅ ከተማን ፈልጊ ብላት ብዙ አሰበችና ተከዜ ውስጥ አስቀመጠችው። ዝቋላ ብላት ጥቂት መንገድ ሣለችልኝና ከዚያ በኋላ ድፍን ነጭ ሆነች።

«አባዬ፣ ይቺ እኮ አታውቅም» አለችኝ ልጄ።

«አለማወቋን ደብቃለች? ነጭ አድርጋ ትታዋለች። ዋግ ውስጥ መንገድ ጠይቂ እስኪ፤ ‹እዚችው ናት› ይሉሻል፤ ሲመሽ ገና እዚችው ናት። አላውቅም ማለት ትልቅ ሥነ ምግባር ነው።»

ልጄ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ናት። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ከእኔ በፊት ነው፤ የመሥሪያ ቤቷን መኪና ይዛ ቀበሌ ለቀበሌ ትወጣለች። «እኔም ልሞክራት» ብትለኝ፣ «የመንግሥትን መኪና መንዳት ሌላ ነው፣ የአባትን መንዳት ሌላ ነው» ብዬ መለስኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ ስትጠይቀኝ ማብራሪያ አልነበረኝም። በአባትነቴ ግን መልሴን አላነሳሁም።

እንዲህ ስመዝን ሐኪሞቹ መጥተው የሳምንታቸውን እኩሌታ ጨርሰዋል። ሚስቴ አንድ ጠዋት ገበታ ስታነሳ፣ «እናቴ በክረምቱ የሞራ ዓይን ነበራት፤ አንተ መዝነህ እስክትጨርስ ዓይን የሚባለውም አይቀራትም» አለች። አዲሷን ገዛሁ። በማግስቱ፣ ሐኪሞቹ ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ ዝቋላ ተነሣን። ሚስቴ ከጎኔ፣ ልጄ ከኋላ ነበሩ። መኪናዋ ፍየል ባየች ቁጥር ትጮህ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ፍየል የሌለበት ቦታ ስለሌለ ጩኸቷን እየሰማን ደረስን።

አማቴ መንገዱ ከሚያልቅበት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው አውርደው ቆመው ነበር። ጎረቤቶቻቸውም ሊሸኙ ወጥተዋል። ወርጄ፣ ጎኔን ሰጥቼ፣ እጅ ነሣሁ። የክብር ቦታ ነው ብዬም የፊቱን በር ከፈትኩ።

«እናቴ፣ በይ ግቢ» አለች ሚስቴ።

«ከማን ጎን ነው?»

«ከእሱ ጎን።»

«ከልጄ ባል ጎን? ጉልበት ለጉልበት ገጥመን? ንገሪው፤ ዓይኔ ነው የታመመው፣ አእምሮዬ ደኅና ነው።»

«እሺ ከኋላ ግቢ።»

«ከኋላ ስገባ እሱ ወደ እኔ የሚያዞረው ምኑን ነው?»

ልጄ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጎማው ጎንበስ አለች።

«ጀርባውን» አሉ አማቴ ራሳቸው። «ከዚህ እስከ ሰቆጣ ጀርባውን ሊሰጠኝ! ደግሞ ከፊቱ መስታወት አለ አሉ፤ ከኋላ ያለውን የሚያይበት።»

«ስፖኪዮ ነው፣ ለደኅንነት ነው ብለሽ ንገሪያቸው» አልኩ።

«ለደኅንነት ነው ይላል።»

«ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ፊቴን ሸፍኜ የኖርኩት ለመስታወት ነው በይው?»

የማይካድ ነገር ነው፤ ትክክል ነበሩ። ክረምቱን ሙሉ ስለ ፍሬንና ስለ ቀበቶ ሳነብ አማት የት እንደምትቀመጥ የሚናገር አንድ መስመር አላየሁም። እኔም አልጠየቅሁም። ከጎረቤቶቻቸው አንድ ሽማግሌ መላ ያገኙ መስሏቸው ወደ ፊት ወጡ።

«መኪናውን ወደ ኋላ ቢነዳውስ? ያን ጊዜ ፊቱ ወደሳቸው ይዞራል።»

«ፊት ለፊትማ ከሆነ ይብሳል!» አሉ ሌላዋ ባልቴት። «ነውር እኮ ነው!»

«እንግዲያ ሰውዬው በየት በኩል ይንዳ?» ብለው ሽማግሌው ተናደዱ።

ልጄ ወደ ጆሮዬ ቀረበችና «የአሮጌዋ አግዳሚ ወንበር ወደ ጎን ነበር እኮ አባዬ» አለችኝ። እኔ ያን ወንበር ከጉድለቷ ነበር የቆጠርኩት። ዝም በይ አልኳት።

ሰዓቱ እየሄደ ነበር። የዓይን ሐኪሞቹ በማግስቱ ዕቃቸውን ይጭናሉ፤ ዳግመኛ መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም። አማቴ ደግሞ በትራቸውን ወደ ቤታቸው አቅጣጫ አዙረዋል። ሚስቴ እናቷን አየች፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ እንደ ወትሮው የሌላ ሰው ቃል ሳትደግም የራሷን ተናገረች።

«ቁልፉን ለልጅቱ ስጣት።»

ለደኅንነት ስል ሴት ልጄን መሪ አላስይዝም ስል የኖርኩት እኔ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቁልፉን ሰጠሁ። ልጄ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች፣ ስፖኪዮውን አስተካከለች፤ ማስተካከሏን ያየሁት እኔ ሳላደርገው ስለመጣሁ ነው። አማቴ ከልጅ ልጃቸው ጎን ገብተው ቀበቶ ታሰረላቸው። እኔም ከኋላ ልገባ በሩን ያዝኩ።

«ቆይ» አሉ። «ንገሪው፤ እኔስ ለአማቼ ጀርባዬን እሰጣለሁ እንዴ? ባለጌ ነኝ?»

እንዲህ ሆኖ ነው ከሰቆጣ ይዤ በመጣሁት አዲስ መኪና የኋላ ዕቃ ቦታ ውስጥ፣ አማቴ ካስጫኑት እንስራ ማርና ከአንድ ቁና ማሽላ ጋር፣ ወደ ኋላ ዞሬ የተቀመጥኩት። እኔና አማቴ፣ ሚስቴን መካከል አድርገን፣ ጀርባ ለጀርባ እኩል ተሰጣጣን፤ ማንም ማንንም አልበደለም። እዚያ ቦታ ኤርባግ የለም፣ ቀበቶም የለም። ለምስማር ስትጮህ የዋለችው መኪና ለእኔ ጢን አላለችም።

ካርታው ነጭ ከሆነበት እንደወጣን ያቺ የሰሌዳዋ ሴት በፈረንጅ ቋንቋ ተናገረች።

«ምን አለች?» አሉ አማቴ።

«ወደ ቀኝ ታጠፉ አለች፣ አያቴ። ግን ቀኙ ገደል ነው» አለች ልጄ።

«ሲመጣ ይህችን እየሰማ ነው የመጣው?»

«አዎ።»

«ንገሪው። ልጄ ይህን ሁሉ ዘመን ደጉን መንገድ ስትነግረው አልሰማም፤ ገደል ግባ የምትለውን ገዝቶ አመጣ በይው።»

ሚስቴ ይህንን ቃል በቃል፣ በጣም በደስታ ደገመችልኝ።

ከኋላ ሆኜ «ቀስ በይ! ማርሽ ቀይሪ!» ስል ቆየሁ። ጥቂት እንደሄድን መናገር ተውኩ፤ ስመጣ ሚስቴን ከመስኮቱ ያጋጨኋት ጠመዝማዛ ላይ እንስራው ሳይነቃነቅ አለፈ። ልጄ ከእኔ የተሻለ ትነዳለች። ይህን እዚህ ላይ ጽፌዋለሁ፤ በቃል ግን ገና አልነገርኳትም።

ጀንበር ሳትጠልቅ ደረስን። አማቴ ተመዘገቡ፣ በማግስቱም ከመጨረሻዎቹ ሕመምተኞች ጋር ሞራው ወጣላቸው። ፋሻው ሲፈታ ሚስቴና እኔ አጠገባቸው ነበርን። እኔ እንደ ወጉ ወደ ግድግዳው ዞሬአለሁ። መጀመሪያ መስኮቱን አዩ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ፤ ጉንጯን ያዙና ጥቂት አለቀሱ። ከዚያ እያዩኝ መሆኑን በጀርባዬ አወቅሁት።

«ንገሪው» አሉ። «ሸብቷል።»

«ሸብተሃል» አለች ሚስቴ።

«ማንም አልነገረኝም እኮ! እኔ እንደ ሰርጉ ቀን ጎረምሳ መስሎኝ ነው የማፍረው። ንገሪው፤ ሁለት ሽማግሌ ምን ይተፋፈራል? ሲመልሰኝ ከጎኑ እቀመጣለሁ።»

ስንመለስ ልጄ ሥራ ገብታ ስለነበር የነዳሁት እኔ ነኝ። አማቴ ከጎኔ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ አፍንጫቸውን ከመስታወቱ አስጠግተው ተቀመጡ። አየ አላየ እንዳይባል ዓይኔን ከመንገዱ አልነቀልኩም። ያቺ የሰሌዳዋ ሴትም አልተናገረችም፤ ልጄ አጥፍታት ነበር። አንዱን ዳገት ጨርሰን ሸለቆው ከበታቻችን ሲከፈት፣

«አቁም!» አሉ።

ባገባሁ ዘመን ሁሉ ለእኔ በቀጥታ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። ፍሬኑን ረግጬ ቀበቶው ደረቴን ያዘኝ። ድንጋይ ተናደ? ሰው ገባ? ገደሉ ጫፍ ላይ ደረስን? መኪናዋ ግን ምንም አላየችም፣ ምንም አልጮኸችም።

«ምንድን ነው እሜቴ?» አልኩ፤ እኔም ለካ በቀጥታ ተናግሬአለሁ።

ጣታቸውን ከሸለቆው ማዶ ወዳለው ተራራ ዘረጉ። እኔ መጀመሪያ ገደል ብቻ ነው ያየሁት። ቆይቼ አንዲት ነጭ ነገር ከዓለት ዓለት ስትዘል አገኘኋት።

«ፍየል ናት» አሉ። «ጥቁር ጆሮ ያላት። ስትወጣ ልያት፤ እስክትጨርስ እንዳትንቀሳቀስ።»

ሚስቴ ከኋላ ልትደግምልኝ አፏን ከፍታ ነበር፤ የሚደገም ነገር እንደሌለ ገባት። ሞተሩን አጠፋሁ። ፍየሏ ቸኩላ አልነበረም።