የታጠበችው ጥጃ

በእኛ ቆላ ጎርፍ የሚመጣው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው በስተምዕራብ ባሉት ተራሮች ላይ ስለሆነ፣ እኛ ዘንድ ፀሐይ እያቃጠለ ወንዙ ቀይ ጭቃ ተሸክሞ ይደርሳል። የሌላ አገር ሰው ጎርፍ ሲመጣ ይሸሻል፤ የእኛ ሰው ግን አካፋውን ይዞ ወደ ጎርፉ ይሮጣል። ውሃውን በቦይ ጠልፎ ወደ ማሳው ካላስገባው ማሽላ የሚበቅልበት እርጥበት አያገኝም።

ባለፈው በልግ ለሴሚስተር እረፍት ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ ረመዳን ተጋምሶ ነበር። ቤታችን ከሮቢት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የመኪና ድምፅ በማይደርስበት በኩል ነው። ከባጃጅ ወርጄ በእግሬ ስገባ የማሳው ድንበር ሁሉ ቀጫጭን ሳር አብቅሏል። ግራሩ አብቦ ንብ ወሮታል። አንዲት ግመል አንገቷን ዘርግታ አበባውን በከንፈሯ ትለቅማለች። ባለፈው ዓመት በዚያው መንገድ ስሄድ የማየው አቧራና የደረቀ እሾህ ብቻ ስለነበር፣ ሻንጣዬን አስቀምጬ ትንሽ ቆሜ አየሁት።

እናቴ ሰላምታችንን እንኳ ሳትጨርስ እጄን ይዛ ወደ በረት ወሰደችኝ።

«ነይ እያት» አለችኝ።

ዳልቻዋ ላማችን ሆዷ ወደ ታች ወርዷል፤ ጡቷም ማጋት ጀምሯል። እናቴ ሆዷን በመዳፏ እየነካች «ዛሬ ነገ ናት» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ደስታም ፍርሃትም ነበረበት።

የፍርሃቷን ምክንያት መናገር አለብኝ። በድርቁ ጊዜ ከብቶቻችን እየተከታተሉ አልቀው የተረፉን አንድ በሬና ዳልቻዋ ብቻ ናቸው። ዳልቻዋን እናቴ ከጥጃነቷ ጀምራ በእጇ ነው ያሳደገቻት። ነገር ግን ላሚቱ ከድርቁ ወዲህ ሳትወልድ ቆየች። አባቴም በጋው ሲገባ ቁርጡን ተናግሮ ነበር፦ «ዘንድሮ ከታለበች ትቆያለች። ካልታለበች ለዒድ ቆቦ ገበያ ትወጣለች። አገዳው ለሁለት አይበቃም።» አባቴ ጨካኝ ሆኖ አይደለም። የማሽላው አገዳ ክምር ወገቤ ድረስ ወርዷል፤ በሬው ደግሞ ማረስ አለበት። እናቴም አልተከራከረችውም። ከሰላት በኋላ እጇን ዘርግታ ዱዓ ስታስረዝም ግን ለማን እንደምትለምን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከመጣሁ በኋላ ብዙም ሳልቆይ፣ አንድ ቀን ከአስር ሰላት በኋላ ከላይኛው ማሳ «ጎርፍ! ጎርፍ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። የዓመቱ የመጀመሪያ ጎርፍ ነበር። አባቴ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ አካፋውን ነጥቆ ሮጠ። አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ጾሙ አድክሟቸው ከደጃችን ግራር ሥር ተኝተዋል። እናቴና እኔ ለማፍጠሪያ ሾርባ የሚሆን እህል እንለቅማለን።

አባቴ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ከአጥር ማዶ ጮኸች። ይህች ሴት ስታወራም ስትጮህም ድምፅዋ አንድ ነው።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! ላማችሁ ወልዳለች! ጥጃዋ ቦይ ውስጥ ገብታለች!»

ስንደርስ ዳልቻዋ የወለደችው ቦዩ አፋፍ ላይ ነበር። ጥጃዋ ለመነሳት ስትንፈራገጥ ተንሸራትታ አምና ጎርፍ ጥሎት የሄደው፣ የሰሞኑ ካፊያ ያራሰው ደለል ውስጥ ወድቃለች። ከጆሮዋና ከዓይኗ በቀር ጭቃ ያልሆነ ነገር አይታይባትም። ከላይ ደግሞ የወንዶቹ ጩኸት እየቀረበ ነው። ውሃው ወደ እኛ ቦይ ሊለቀቅ ነው ማለት ነው። ዳልቻዋ በጩኸቱ ደንብራ ወደ ሜዳው ሸሸች። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ዘለለች። እሷ ከሥር ስትገፋ እኔ በፊት እግሮቿ ይዤ ስስብ ጥጃዋን አወጣናት። ቀጥሎ እናቴን ሳብኳት።

«ሴት ናት!» አለች እናቴ እያለከለከች። «አልሃምዱሊላህ፣ ሴት ናት!»

ጥጃዋ ግን ትንቀጠቀጥ ነበር። ተሸክመን ቤት አገባናት። እናቴ ለሾርባው የተጣደውን ሙቅ ውሃ አወረደችና ያን ሁሉ ጭቃ ታጥበው ጀመር። በችኮላ እጇ የገባላት ሳሙና እኔ በስጦታ ያመጣሁላት፣ የጽጌረዳ ሽታ ያለው ነበር። ጆሮዋን፣ በእግሮቿ መሐል፣ ጅራቷን ሳይቀር አጠበቻት። በራሷ ነጠላ አደረቀቻት። ጥጃዋ ጸጉሯ ጸድቶ ሲታይ እንደ እናቷ ዳልቻ ነበረች። መንቀጥቀጧም አቆመ። ሁለታችንም መልካም ሥራ የሠራን መስሎን ተያይተን ሳቅን።

በዚህ መሐል አያቴ ነቅተው በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ? ሙሽራ ገብታለች እንዴ?»

ከዚያ ጥጃዋን አዩ። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። አያቴ ሲደነግጡ የልጅነታቸው ኦሮምኛ ነው የሚመጣባቸው። ጥጃን «ጀቢ» ይሏታል።

«ጀቢዋን አጠባችኋት? እናቷ ሳትልሳት አጠባችኋት?»

እናቴ እጇ ላይ ያለውን ሳሙና አየችው። ያን ጊዜ ገባት። በከብት መሐል ያደገች ሴት ናት፤ ላም ልጇን የምታውቀው በጠረኗ እንደሆነ ታውቃለች። በጭንቀት ግን የምናውቀው ነገር ሁሉ ይጠፋብናል።

«ትሞትብኛለች ብዬ ነው አባባ» አለች ቀስ ብላ።

«እናቷ ካልተቀበለቻትስ ትኖርልሽ መሰለሽ?»

የእኛ ላሞች ጥጃቸውን አጠገባቸው ቆማ ካላዩ ወተት አይለቁም። ስለዚህ ዳልቻዋ ልጇን ካልተቀበለች ጥጃዋም ትሞታለች፣ ወተትም የለም። ወተት ከሌለ ደግሞ የአባቴ ቃል አለ። እናቴ ነጠላዋን በእጇ ጨምቃ ይዛ ቆማ ነበር።

ጥጃዋን ወደ በረቱ አወጣናት፤ ጎረቤታችንም ዳልቻዋን ከሜዳው ነድታ አመጣችልን። ላሚቱ ወደ ጥጃዋ ጠጋ ብላ አሸተተች። በአፍንጫዋ ተነፈሰችና ራሷን ዞር አደረገች። ጥጃዋ በሚንገዳገዱ እግሮቿ ተነስታ ጡት ስትፈልግ በእርግጫ ጣለቻት። ጥጃዋ እንደገና ተነሳች፤ እንደገና ጣለቻት።

«ጨው አምጡ» አሉ አያቴ።

አፋሮች በግመል ወደ ገበያ ከሚያመጡት ጥርብ ጨው ቤት ውስጥ ትንሽ ነበረን። ፈጭቼ አመጣሁ። አያቴ የጥጃዋን ጀርባ በሙሉ በጨው አሹት። ዳልቻዋ ጨው ሲሸታት ቀረበች፤ በሰፊ ምላሷ ከላይ እስከ ታች ላሰችው። ጨው ሲያልቅ ላሚቱ አፏን እያላመጠች ሄደች።

«ጨውን በላች፣ እናትነቱን ተወችው» አለች ጎረቤታችን። «ከሰው ተምራ ነው!»

«ተይኝ እቴ፣ አሁን ሳቅ አምሮኛል?» አለቻት እናቴ።

«ብትስቂ ይሻልሻል። ጾምሽን እንደሆነ በእንባ አታፈጥሪውም።»

አያቴ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዴ ልጁ የት ወደቀ?»

«ቦዩ አፋፍ ላይ ይሆናል፣ አባባ።»

«ሮጠሽ አምጪው። ውሻ ሳይቀድምሽ።»

ውሻ ግን ቀድሞኝ ነበር። የዚያችው የጎረቤታችን ቡናማ ውሻ አንዱን ጫፍ ይዞ እየጎተተ ነው። ቦዩ አሁን በቀይ ውሃ አፉ ድረስ ሞልቷል። ጓል ወረወርኩበት፤ አልለቀቀም። ያኛውን ጫፍ ይዤ ጎተትኩ። እሱ ያጉረመርማል፣ እኔ እጮሃለሁ። በመጨረሻ የሚበልጠው ወደ እኔ ተቀደደ። በማዳበሪያ ከረጢት ይዤው ስሮጥ ውሻው የራሱን ድርሻ ውጦ ከኋላዬ ይከተለኝ ነበር።

እናቴ ከረጢቱን ተቀብላኝ በዚያው ባጠበችበት እጇ እንግዴ ልጁን ጥጃዋን ትቀባት ጀመር። ራሷን፣ አንገቷን፣ ጀርባዋን። ስትጨርስ ጥጃዋ ከቦዩ ስትወጣ ከነበረችው የባሰች ሆነች። አያቴ ዳልቻዋን በአንገቷ ይዘው፣ ላም ሲያረጋጉ የሚያሰሙትን ዝቅ ያለ «ሆ፣ ሆ፣ ሆ» እያሉ አቀረቧት።

ላሚቱ አሸተተች። በዚህ ጊዜ ቶሎ አልዞረችም። አፍንጫዋን ከጥጃዋ አንገት ላይ አላነሳችም። ከሆዷ ውስጥ የሚመስል ቀጭን ድምፅ አወጣች። ከዚያ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለች።

እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። «በቃ» አለች። «አልፈለገቻትም።»

«ዝም በይ፣ ልጄ» አሉ አያቴ። «እያሰበች ነው።»

ውሻው በአጥሩ ቀዳዳ የገባው ያኔ ነው። ሽታውን ተከትሎ መጥቶ ነበር፤ ሽታው ደግሞ አሁን ያለው ጥጃዋ ላይ ነው። ጎረቤታችን «ወግድ!» ብላ ድንጋይ ልታነሳ ጎንበስ ስትል አያቴ ምርኩዛቸውን ከፊቷ ዘረጉት።

«ተይው።»

«እንዴት ተይው ይሉኛል? ይነክሳታል እኮ!»

«ተይው ብያለሁ።»

ውሻው ቀስ እያለ ቀረበ። አፍንጫውን ወደ ጥጃዋ ጀርባ አስጠጋ። ጥጃዋ ጮኸች። ከተወለደች ድምፅዋን ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር፤ ቀጭንና የተሰነጠቀ ድምፅ። ዳልቻዋ ቀንዷን ወደ መሬት አድርጋ ስትመጣ እኔ ራሴ ወደ ቤቱ ግድግዳ ሸሸሁ። ውሻው ወደ ገባበት ቀዳዳ ለመድረስ ጊዜ ስላልነበረው በአጥሩ ላይ ዘለለ። ላሚቱ አጥሩን በቀንዷ አንዴ መትታ ተመለሰች። ጥጃዋን በአራት እግሮቿ መሐል አድርጋ ቆመች፤ እኛንም ጭምር በክፉ ዓይን እያየች።

ከዚያ ትልሳት ጀመር። ግንባሯን፣ ዓይኗን፣ ጆሮዋን። የምላሷ ሻካራ ድምፅ ቆመን ካለንበት ይሰማል። ጨውም ይሁን ጭቃ፣ የጽጌረዳ ሳሙናም ቢሆን፣ ሁሉንም ላሰችው። ጥጃዋ በእናቷ ምላስ እየተገፋች እግሯን አጸናች፤ አንዴ የፊት እግር፣ አንዴ እምብርት ስትጠባ ቆይታ ጡቱን አገኘችው። ጅራቷ መወዛወዝ ጀመረ።

እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ሳቀችም አለቀሰችም።

«ውሻዬ አዋላጅ ሆነ!» አለች ጎረቤታችን። «ደመወዝ ይገባዋል።»

«ድርሻውን ቦዩ ላይ ወስዷል» አልኳት። ሁሉም ሳቁ፤ አያቴም ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

አባቴ የመግሪብ አዛን ሊሰማ ሲል እስከ ጉልበቱ ቀይ ጭቃ ሆኖ መጣ። ውሃው ማሳችንን አጥግቦት ስለነበር ፊቱ በርቷል። አጥሩ በር ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ዳልቻዋንና ከሥሯ የሚወዛወዘውን ጅራት አየ። አካፋውን አስቀመጠ።

«ሴት ናት?»

«ሴት ናት» አለች እናቴ።

«ተቀበለቻት?»

«ተቀብላታለች።»

አባቴ ጭቃ የያዘ እጁን ጭኑ ላይ ጠረገ። ወደ በረቱ ገብቶ የላሚቱን ጀርባ ነካ ነካ አደረገ። «እንግዲህ ቆቦ የለም» አለ፣ ለላሚቱ የሚናገር ይመስል።

አዛኑ ተሰማ። በተምር አፈጠርን። ሾርባው በዚያ ሁሉ ግርግር ቀጥኖ ነበር፤ ማንም ግን ቀጠነ አላለም። እናቴ የራሷን ሳህን ይዛ ወጣችና በረቱ አጥር ሥር ተቀመጠች። ነፋሱ ከተራራው በኩል ቀዝቅዞ ይመጣል፤ የረጠበ አፈር ይሸታል።

«ግቢ እንጂ፣ ብርድ ነው» አላት አባቴ ከውስጥ።

«እናንተ ብሉ» አለችው። «እኔ እዚህ ሆኜ ላያት።»

አባቴ የራሱን ሳህን ይዞ ወጣ።