ፈታኙን መናቅ ያቃታት ማልሱን

ማልሱንን ያወቅኋት በጓሮ በር ነው። እኔ ማሳን በሚባለው ወደብ ላይ ለምግብ ቤቶች በረዶ አመላላሽ ነኝ፤ በረዶ ደግሞ በፊት ለፊት አይገባም። በፊት ለፊት የሚገባ ሰው የሚያየው የተወለወለ ጠረጴዛና የባለቤቱን ጥርስ ነው። በጓሮ የሚገባ ግን ማን እንደሚሠራና ማን እንደሚያወራ ያያል። እኔም ያየሁትን ነው የምጽፈው፤ ካጠፋሁ ይቅርታ።

የፒዮ ዳልሱ ቤት የቦክ ቤት ነው። ቦክ ማለት ያ ሲናደድ ሆዱን እንደ ፊኛ የሚነፋው ዓሣ ነው። ጉበቱ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ተፈትኖ ፈቃድ ያላወጣ ሰው ቢላዋ አያሳርፍበትም። ሾርባው ግን ሲጠጣ ላደረ ሰው ነፍስ ይመልሳል። ፒዮ ፈቃዱን በወርቃማ ፍሬም አስገብቶ ከሒሳብ መቀበያው በላይ ሰቅሎታል። ማልሱን ከሥሩ ድስት ታጥባለች፤ እሱ የቆረጠውን ዓሣ ደሙ እስኪለቅ በወራጅ ውኃ ትለቀልቃለች፤ ወለል ትፈገፍጋለች። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል። ባሏ ባሕር ላይ ነው የቀረው፤ ልጅም የላትም።

አሁን ስለ ፒዮ ልናገር። ሰውየውን ስለምንቀው እንዳላበዛ እጠነቀቃለሁ። ፒዮ የስኬት ሚስጥር እናስተምራለን የሚሉ ሰዎች አዳራሽ እየሄደ፣ ከእነሱ ጋር ሲጮህ ውሎ ይመጣል። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ቤቱ ሳይከፈት ሠራተኞቹን ደጅ አሰልፎ ያስጨበጭባቸዋል።

"እንችላለን! ሥራችንን እንወዳለን! ተስፋ አንቆርጥም!"

እነዚያ ድስት አጣቢዎች በባሕሩ ንፋስ እየተንቀጠቀጡ ይጮኻሉ። እሱ ካፖርቱን ደርቦ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ "አልሰማሁም!" ይላል። እንደገና ይጮኻሉ። እኔም በረዶዬን ይዤ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ በረዶው ግን አይጠብቅም።

አንድ ቀን ጩኸቱ አልቆ ሰው ሲበተን ማልሱን ወደ ኋላ ቀረች።

"አለቃ፣ እኔም የቦክ ፈተናውን ልፈተን አስቤ ነበር።"

"ማን? አንቺ?"

"እችላለሁ ብዬ ነው።"

ሳቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ እኔ አልወድም፤ ሆድን ይዞ፣ ሌላ ሰው እየጠሩ የሚሳቅ። "ኑ ስሙ! ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ! አክስቴ፣ እሱ እኮ መፈክር ነው። መፈክር ለመጮህ ነው እንጂ ማን አምኚው አለሽ?" እኛ ዘንድ ዘመድ ሳትሆን ትልቅ ሴት "አክስቴ" ትባላለች።

መፈክሩን አምና ሳይሆን ሥራውን ወዳ ነበር። ቤቷ ርካሽ ዓሣ እየገዛች ስትለማመድ ቆይታለች። ሥጋውን በስሱ ስትቆርጠው ከሥሩ ሳህኑ ላይ የተሣለው አበባ ወለል ብሎ ይታያል። "ምን አስጨነቀሽ?" ብላት "ሳህን ላይ ተደርድሮ ሳየው ደስ ይለኛላ፣ ጋሼ" አለችኝ። ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

ሄዳ ተፈተነች። ወደቀች። እንዴት ወደቅሽ ብትሉ፣ ዓሣውን ብልት በብልት አውጥታ፣ መርዙን ከሥጋው ለይታ፣ የመጨረሻውን ሳህን ስትደረድር ፈታኙ መጥቶ ፊቷ ቆመ። ሽበታም ሽማግሌ ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊትህ ቆሞ ሥራህን አትቀጥልም። ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ እጇን ጠረገች፣ ጎንበስ ብላ "ጋሼ፣ ምሳ በልተዋል?" አለችው። ሰውየው ደንግጦ ሄደ። እሷ ቀና ስትል ደወሉ ተደወለ፤ ሳህኑም ጎዶሎ ቀረ።

ፒዮ ይህን ሰምቶ ገበያው ውስጥ በየደረሰበት አወራው። "ፈታኙን ምሳ ጋብዛው መጣች!" ዓሣ ነጋዴው ሁሉ ሳቀ። አንዱ እንኳ ያንን ፈተና ለመፈተን ወኔ የለውም፤ ለመሳቅ ግን አንደኛ ናቸው።

በሁለተኛው ዙር "ቀና አልልም" ብላ ሄደች። አላለችምም። ግን ሽማግሌው እስክሪብቶው ወደቀበት። ማልሱን መሬት ሳይደርስ ነው ጎንበስ ያለችው። ከወለሉ አንስታ፣ በሁለት እጇ፣ እንደ ወጉ ሰጠችው። ከዚያ በዚያው እጇ ዓሣውን ያዘች። ወለል የነካ እጅ ሳይታጠብ ምግብ ከነካ ወዲያው ውጪ ነው። አስወጧት።

ያን ጊዜ ፒዮ እንኳ መሳቅ ሰለቸው። "አክስቴ፣ ስሜን አጠፋሽው። የፒዮ ሠራተኛ መባልሽ ለእኔ ውርደት ነው። ሌላ ጊዜ ለፈተና ከሄድሽ በዚያው ቅሪ፤ እዚህ ድስት የለሽም።"

ተስፋ አንቆርጥም እያለ የሚያስጮኸው ሰው ነው ይህን ያለው። በማግስቱም ጠዋት አሰልፎ አስጮኸ። እሷም አብራ ጮኸች።

እንጀራዋ ያ ድስት ነው። ብትወድቅ ሁለቱንም ታጣለች። ግን ለሦስተኛ ጊዜ ተመዘገበች።

ሸርጣን ሻጯ ኦክቡን ናት ዘዴውን ያመጣችው። ኦክቡን ምላሷ ከሸርጣኑ ጥፍር የባሰ ሴት ናት። "የዚች ሴት ችግር ቢላዋ አይደለም፣ ወገቧ ነው! ሰው ባየች ቁጥር ይታጠፋል። መናቅ ማስተማር አለብን" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "አንተ በረዶ፣ ሽማግሌ ነህ አይደል? ና፣ ፊቷ ቁም።"

እኔ ዓይነ አፋር ነኝ፤ ግን ቆምኩ። ማልሱን ሦስት ቁራጭ ሳትቆርጥ ቀና ብላ "ጋሼ፣ ወንበር ላምጣልዎት?" አለችኝ።

"ወንበር በጭንቅላትሽ!" ጮኸች ኦክቡን። "እንጨት ነው በያ! ግንድ ነው! ሳል፣ አንተ ሽማግሌ!"

ሳልኩ።

"ውኃ ልስጥዎት?"

"አቤት አምላኬ! ይሙት! ታንቆ ይሙት፣ አንቺ ቁረጪ!"

ከሥራ በኋላ ማታ ማታ እንዲህ አደረግን። አቃሰትኩ፣ ባርኔጣዬን ጣልኩ፣ "የዛሬ ልጆች" እያልኩ አጉረመረምኩ። በስንት መከራ አንድ ቀን እግሯ ሥር ተደናቅፌ ስወድቅ እጇ እንኳ አልቆመም። ኦክቡን እያጨበጨበች እልል አለች፤ እኔ ግን ጉልበቴን ተላልጬ ነበር።

የፈተናው ጠዋት ፒዮ ሠራተኞቹን እንዳሰለፈ፣ ከወጥ ቤት አንድ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ወጣ። የባሕር ሣር ሾርባ ነው። ፈተና ያለበት ሰው የባሕር ሣር ሾርባ በአፉ አይዞርም፤ ያዳልጣላ፤ ያዳለጠው ደግሞ መውደቁ ነው። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቃል።

"በይ አክስቴ፣ ስንቅሽ ነው" አለ ጥርሱን እያሳየ። የተሰለፉት አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። ትልቅ ሰው ነው ይህ! ፍሬም ያለው ሰው! ለድስት አጣቢ ሾርባ ሠርቶ ነው የተነሳው!

ቆሞ ጠበቀ። ስንት ዓመት እንደለመደው ጎንበስ ብላ "አመሰግናለሁ አለቃ" እንድትለው ነበር የጠበቀው። ማልሱን እሱ የሌለ ይመስል ከኋላው ያለውን መንገድ አየች። እንደ መብራት እንጨት አልፋው፣ የቢላዋ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር አድርጋ፣ ወደ አውቶቡሱ ሄደች። ሾርባው ፒዮ እጅ ላይ ቀረ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ፈተናው ላይ ያው ሽማግሌ ፈታኝ መጥቶ ፊቷ ቆመ። ሳለ፤ ወረቀት ጣለ። ኋላ ስትነግረኝ ጫማውን ብቻ ነው ያየሁት አለች። ሳህኗን ሞልታ፣ አስተካክላ፣ ቢላዋዋን አስቀመጠች፤ ከዚያ ደወሉ ተደወለ። ደወሉ እንዳበቃ ኮሪደር ድረስ ተከትላው "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" ብላ መሬት ልትነካ ጎነበሰች።

"ምን አድርገሽኝ?" አላት ግራ ገብቶት።

አለፈች። ፈቃዷ መጣ። ፒዮም ዓይኑን በጨው አጥቦ አበባ ይዞ መጣ። ሠራተኞቹን አሰልፎ፣ "ማልሱንን ተመልከቱ! እችላለሁ ማለትን ከዚህ ነው የተማረችው!" አለ።

"ከሾርባው ነው የተማረችው" አለች ኦክቡን ከመንገዱ ማዶ።

ማልሱን ግን አበባውን በሁለት እጇ ተቀብላ ጎንበስ አለችለት። ያን ያህል ለፍተን ያስተማርናት ንቀት ከአንድ ጠዋት አላለፈም። እኔ ብሆን አበባውን ለሸርጣን እሰጠው ነበር።

አሁን ከበረዶ መጋዘኑ ጀርባ አራት ጠረጴዛ ያለው የራሷ ቤት አላት። በሩ ሰማያዊ ነው። ጠዋት ማንም አይሰለፍም፣ ማንም አይጮህም። ወደ ማሳን ከመጣችሁ፣ እባካችሁ፣ ሄዳችሁ እዩዋት። በተለይ በሙቀቱ ወራት ሂዱ። ቦክ የብርድ ምግብ ነው እያለ ያን ጊዜ ሰው ዝር አይልም፤ እሷ ቢላዋዋን ስላ ቁጭ ብላ መንገድ መንገዱን ታያለች። አንድ ሾርባ እዘዙላት።