አምባው ያልሰማው ኳኳታ

አምባው በእስራኤል፣ በቂርያት ማላኪ ከተማ የፋብሪካዎች ሰፈር፣ እዚያ ሙሳክ በሚሉት አንድ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ሞተር ሳይክል ጠግኗል። ሙያውን የጀመረው በወጣትነቱ ጎንደር ከተማ ነበርና ዕብራይስጡን ከለመደ በኋላም ብልጭታ ሰጪውን ካንዴላ፣ የፒስተኑን ቀለበት ፋሻ ማለቱን አልተወም። የታወቀው በጆሮው ነው። ሞተሩ ሲነሳ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጥቂት ያዳምጥና አንዲት ብሎን ሳይፈታ የት ጋ እንደታመመ ይናገራል።

ሚስቱ ካሰች ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ልጅ አልወለዱም። ካሰች ከሄደች ወዲህ አምባው ሠርግም ልቅሶም መሄድ እየቀነሰ መጣ። ሰው ሐዘኑ ነው ብሎ ተወው። እሱ ግን ብዙ ሰው ባለበት ቤት ሲቀመጥ የሚሰማው ጉምጉምታ ብቻ ነበር። ሌላው ሲስቅ ይስቃል፤ በምን እንደሳቁ አያውቅም። ይህን ለማንም አልተናገረም።

አንድ ወዳጅ ነበረው፤ ያቭነ የሚኖር፣ ሐብቴ የሚባል የብርቱካን እርሻ ሠራተኛ። አብረው ከጎንደር የመጡ ናቸው። በፈረንጆቹ 2017 ሐብቴ ሞተሩን አምጥቶ አሳየውና አምባው አዳምጦ «ደህና ነው» ብሎ ሸኘው። ሳምንት ሳይሞላ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ እርሻው መሀል ቆመ። አምባው ከቤንዚኑ ጋር የምትቀላቅለውን ዘይት አሳንሰህ ነው አለው። ሐብቴ አላሳነስኩም አለ። በዚያው ተኳረፉ።

በዓመቱ፣ የዳስ በዓል የሆነው ሱኮት እንዳለፈ፣ ሮተም የምትባል ወጣት እንደ ሐብቴው ሁሉ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልበትን ባለ ሁለት ምት የሜዳ ሞተሯን በፒክአፕ ጭና ከገደራ መጣች። ሞተሩ ሲሞቅ አልነሳም ይላል፤ ዳገት ላይ ጉልበት ያጥረዋል። ሌላ መካኒክ ካርቡራተሩን ሁለት ጊዜ አጥቦላት ለውጥ አላየችም። አምባው አስነሺው አላትና አንገቱን ዘንበል አደረገ።

ካርቡራተሩ እንደገና ይስተካከል አለ።

ሮተም ግራ ገባት። «ጋሼ አምባው፣ ኳኳታውስ? ብረት በብረት ሲመታ አይሰማዎትም?»

ጠጋ አለ። የሲሊንደሩ ሙቀት ጉንጩን እስኪለበልበው ድረስ ጠጋ አለ። ምንም የለም። ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ እንደማትቀልድ ገባው። አጥፊው አላትና ሞተሩን ትታለት እንድትሄድ ለመናት።

ብቻውን ሲቀር በሩን ዘጋ። ካንዴላውን ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ አሰረ፤ መለኪያውን ከመሳቢያ ካወጣው ዓመታት አልፈውት ነበር። ማስነሻውን ደጋግሞ ረገጠ። መርፌው መድረስ ከሚገባው ብዙ ዝቅ ብሎ ቆመ። የጭስ ማውጫውን አውልቆ በቀዳዳው ባትሪ ሲያበራ በፒስተኑ ጎን ላይ ከላይ እስከ ታች የወረዱ ጭረቶች አየ። ሲሊንደሩን አወጣ፤ ፒስተኑ ውስጡ ይወዛወዛል፤ ሮተም የሰማችው ኳኳታ ይኸው ነው። ፋሻው ሳስቷል፤ ጫፍና ጫፉ ተራርቋል። ከታች ያለውን ዘንግ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀው፤ እሱ አልላላም፤ ጤነኛ ነው። በመጨረሻ የአየር ማጣሪያውን ከፈተ። አቧራ እንዲይዝ በዘይት መራስ ሲገባው ደረቅ ስፖንጅ ነበር፤ ከበስተጀርባው የእርሻ መንገድ አቧራ ገብቶ ተጋግሯል። ሞተሩን የበላው ይኸው አቧራ ነው።

እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ያን ጊዜ የሐብቴ ሞተር ትዝ አለው። ያም እንዲህ ይኳኳ ነበር ማለት ነው፤ እሱ ግን አልሰማም።

በማግስቱ ሮተም ስትመጣ በሽታውን ከነምክንያቱ አሳያት። ትናንት የተሳሳትኩት ጆሮዬ ስለከዳኝ ነው አላት። ይህን ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። እሷ አንገቷን ነቀነቀች፤ ከዚያ በኋላ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ቀስ እያለች ታናግረው ጀመር።

ዓርብ ጠዋት በአውቶቡስ ያቭነ ሄደ። ሐብቴ በሩን ከፈተ እንጂ ግባ አላለውም። አምባው እዚያው ቆሞ ነገሩን ሁሉ ተናገረ። ሐብቴ አጎንብሶ አንድ ነገር አለ።

«አልሰማሁህም፤ ድገምልኝ» አለ አምባው።

ሐብቴ ቀና ብሎ አየው። «ሞተሩን ሸጬዋለሁ። እኔን ያቆሰለኝ፣ በሠላሳ ዓመት ወዳጅነት ሐሰተኛ ማለትህ ነው።»

«ልክ ነህ።»

ዓርብ ማታ ሰንበት ሲገባ አውቶቡስ ይቆማልና አምባው ለመመለስ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ሞተር በመለኪያ ሳይለካ የሚናገረው ነገር አልነበረም። ቀርፋፋ ሆነ ብለው የሸሹ ደንበኞች አሉ። ክሊኒክ ሄዶ ጆሮውን ተመረመረና ለመስማት የሚረዳ የጆሮ ማዳመጫ ታዘዘለት፤ ተራው እስኪደርስ ግን ወራት ጠበቀ። በዚያ መካከል፣ አንድ ዝናባም ከሰዓት፣ ስልኩ ላይ የሐብቴ ስም መጣ። አነሳው። የሐብቴ ድምፅ መሆኑን ለየ፤ ቃሉን ግን አንዱንም አልያዘም። ሐብቴ ተናግሮ እስኪያበቃ ጠበቀ።

«ነገ እመጣለሁ» አለው፤ ምን እንደጠየቀው ሳያውቅ።